ለቆላው ሜዳ ያዘጋጀነው ሞተር

ኅዳር 10፣ ቅዳሜ

ልጄ ፈይሩዝ ወደ ዩኒቨርሲቲ ስትመለስ ግማሹ ያልተጻፈበት የባዮሎጂ ደብተር ጥላልኝ ሄደች። ወረቀት ሲባክን አልወድም። ትምህርት ከስምንተኛ ክፍል ነው የተውኩት፣ ቢሆንም እጄ ፊደል አልረሳም። ወሬ ደግሞ ካላወራሁ ያመኛል። ዘንድሮ ግን ከአፌ የወጣ ሁሉ ገበያ ደርሶ የሚመለስ እየመሰለኝ ፈራሁ። እንግዲህ ለወረቀቱ ላውራ።

ዛሬ ሞተረኛው አወቀ ከስማዳ፣ ከወገዳ መጣ። ሞተሩ ገና ከመስጊዱ ማዶ ሳለ ባሌ መሕቡብ ከጋራዡ ውስጥ ሆኖ፣ አንገቱን እንኳ ቀና ሳያደርግ፣ «አወቀ ነው። ካቴናው ላልቶበታል» አለ። ተራ የሚጠብቁት ሰዎች በሳቅ ፈነዱ። እውነትም አወቀ ነበር፣ እውነትም ጎማውን የሚያዞረው ካቴና ላልቷል።

«ጋሼ መሕቡብ፣ ጆሮ ነው ያለዎት ወይስ ራዳር?» አለ አወቀ።

«የአንተ ሞተር ከሙሉ ገበያ መሃል ይለያል። እንደ አሮጌ ወፍጮ ነው የሚያጓራው።»

እኔም ሳቅሁ። ጋራዡ የቤታችን የፊት ክፍል ነው፤ እሱ ይጠግናል፣ እኔ ከጎኑ እሳት የሚጭረውን ካንዴላ፣ ካቴና፣ የጎማ ከመነዳሪ፣ የሞተር ዘይት እሸጣለሁ። ስለዚህ ሳቁም ወሬውም አያመልጠኝም።

አወቀ የመጣው ለውድድሩ ነው። ጥር 28 እሑድ፣ በስማዳ ቆላ፣ ወንዙ ዳር ካለው ጠፍ ሜዳ ላይ። የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ሞተረኞች ራሳቸው ናቸው የሚያዘጋጁት። የድሃ ውድድር ነው፣ ሕጉም የድሃ ነው፤ ሰውና ጆንያ የምታመላልስ ትንሽ ሞተር ብቻ ትገባለች፣ ውድ ዕቃ ገጥሞ መምጣት ክልክል። ከዚያ በፊት ሁለት የልምምድ ቀን አለ፤ የፈለገ መጥቶ ሜዳውን ይዞራል። አምና እስቴ ላይ ዋንጫውን የወሰደው ወንድሜ ኢዘዲን ነው። ሞተሩን ያዘጋጀው መሕቡብ ነው። ሰው ከወገዳ ድረስ ሞተሩን ወደ እኛ ማምጣት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።

«ዘንድሮም የኢዘዲንን እኔ አዘጋጃለሁ» አለ መሕቡብ። ማንም አልጠየቀውም ነበር።

ኅዳር 14፣ ረቡዕ

የኢዘዲን ሞተር ገባ። አራቆቱት። መስታወቶቹ ወረዱ፣ መብራቱ ወረደ፣ የዕቃ መጫኛው ብረት ወረደ፣ ጭቃ መከላከያው ወረደ። ክብደት ነው ጠላታችን ይላል መሕቡብ። ኢዘዲን ቆሞ አይቶ፣ «እታለም፣ ሞተሬ በበጋ የተላጨች በግ መሰለች» አለኝ።

መሕቡብ አንድ ቡሎን ጠፋብኝ ብሎ ፈልጊልኝ አለኝ። እግሩ ሥር ነበር። ከነጫማው ሊረግጠው ትንሽ ቀርቶት።

ድካም ነው።

ኅዳር 23፣ ዓርብ

የገበያ ቀን። እግሬ እንደ እንጨት ደርቋል። ከጁምዓ ሰላት መልስ ሱቁን ስከፍት ሁለት ሴቶች ከፊቴ ሽንኩርት እየመረጡ ሲያወሩ ሰማሁ። እኔን አላዩኝም።

«መሕቡብ ዋንጫ ካገኘ ወዲህ ኮርቷል አሉ። ባሌ እጁን ዘርግቶ ሰላም ቢለው ጥሎት አለፈ።»

«ወይ ጉድ! እጅ ዘርግቶ?»

«አዎ፣ እጁ እንደተዘረጋ ቀረ። በአላህ፣ በሰው ፊት።»

ሽንኩርቱን ትተው እስኪሄዱ ከመደርደሪያው ጀርባ ቆየሁ። መሕቡብ ኩሩ ሰው አይደለም። ሃያ ሦስት ዓመት አብሬው ኖሬአለሁ፣ እኔ ነኝ የማውቀው። ማታ ነገርኩት። «ማን ነበር የዘረጋው?» አለኝ። ሴቶቹን እንጂ ባልየውን አላውቅም አልኩ። ከዚያ በኋላ እራቱን አልጨረሰም።

ታኅሣሥ 1፣ ቅዳሜ

ዛሬ ረጅም እጽፋለሁ፣ እንቅልፍ የለኝም።

ከሰዓት ዘይት ሲቀይር ዘይቱን ሁሉ ከቀዳዳው ጎን አፈሰሰው። ሞተሩ ላይ፣ ሱሪው ላይ፣ መሬት ላይ። ከዘይቱ ይልቅ ያስደነገጠኝ ዝም ማለቱ ነው። ጣሳው ባዶ እስኪሆን ድረስ እያፈሰሰ ነበር፤ አላወቀም። ጨርቅ ይዤ ሮጥኩ።

«በሩን ዝጊው» አለኝ።

ዘጋሁ። በርሜሉ ላይ ተቀመጠና ነገረኝ። ከመስከረም ጀምሮ ነው። መጀመሪያ ጎን ጎኑ ጠፋ፤ ሰው ከጎን ሲመጣ እንደ ጥላ ነው የሚሆንበት። አሁን መሃሉም እየደበዘዘ ነው። ትላልቁን ያያል፣ የእኔን ፊት ስቀርበው ያያል። ቡሎን፣ ቀጭን ሽቦ፣ ቁጥር፣ ቀለም አያይም።

«ታዲያ እስከ ዛሬ እንዴት ስትጠግን ከረምክ?»

«እጄ ያውቀዋል፣ ሰውዳ። ጆሮዬም ያውቀዋል። የማላውቀውን አንቺን እጠይቅ ነበር። አላስተዋልሽም?»

አስተውያለሁ። ምን ዓይነት ሰው ነው የማያስተውል? ግን መነጽር ይሆናል እያልኩ ነበር። ዕድሜ ይሆናል እያልኩ ነበር።

ለማንም እንዳልናገር አስማለኝ። ዓይኑ የደከመ መካኒክ ጋ ሞተሩን ማን ያመጣል? ፈይሩዝ በምን ትማራለች? ይሄን ሁሉ አለ። መጨረሻ ላይ ደግሞ እንዲህ አለ፦ «ኢዘዲን ይሄን ከሰማ እኔ ያዘጋጀሁት ሞተር ላይ አይወጣም። ዘንድሮ ካሸነፈልኝ ሰው ለአንድ ዓመት አይጠራጠረኝም። አንድ ዓመት ስጪኝ።»

ወላሂ አልናገርም አልኩ። እንዲያ ተቀምጦ አይቼው አላውቅም። ምን ልበል ነበር?

ኢዘዲን የእናቴ የመጨረሻ ልጅ ነው። እናቴ ስትታመም ጀርባዬ ላይ አዝዬ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። እሱን ከማስብ እንቅልፍ ቢወስደኝ ይሻላል።

ታኅሣሥ 6፣ ሐሙስ

ሲስተር ሐረገ ወይን ከጤና ጣቢያው መጣች። ለክትባት ገጠር የምትወጣበት ሞተር ፍሬኑ አልይዝ ብሏታል። መሕቡብን ስታነጋግረው ቆይታ ወደ እኔ ዞረች።

«እትዬ ሰውዳ፣ ጋሼ መሕቡብ ሲያናግሩኝ ጆሮዬን ነው የሚያዩት።»

«እንቅልፍ አጥቶ ነው ሲስተር። ውድድሩ ነው የሚያባትተው።»

«ደብረ ታቦር ይዘሻቸው ሂጂ። ሞራ ከሆነ ይገፈፋል፣ ያያሉ። የዓይን ግፊት ከሆነ ግን የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን ማትረፍ ነው። ቀን አትስጡት።»

እሺ እሺ አልኳት። ለእሱ ስነግረው፣ «ከውድድሩ በኋላ» አለ። ደብረ ታቦር የሄደ ሰው ተደብቆ አይመለስም፣ አውቶቡሱ ውስጥ ያለው ሁሉ የእኛ ደንበኛ ነው፣ አለ። ይሄም እውነት ነው።

ታኅሣሥ 12፣ ረቡዕ

አሠራራችንን ላስቀምጠው፣ እኔኑ ገርሞኛል።

እሱ በእጁ ይሠራል፣ እኔ አያለሁ። ሰው ሲገባ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «እንዴት ዋልክ አወቀ! ደህና ነሽ ሲስተር!» እላለሁ፤ ማን እንደመጣና ከየት በኩል እንደቆመ በዚያ ያውቃል። ሰው ፊት ደግሞ የቸገረውን ዕቃ «እስቲ ይሄን ለሰውዳ አሳዩዋት፣ ከመደርደሪያዋ ካለው ጋር ታስተያየው» ይላል። ኢዘዲን አሁን «የካንዴላ ሚኒስትሯ» እያለ ነው የሚጠራኝ። ይስቃል። እኔም ለሳቁ ስል እስቃለሁ።

ስንት ነገር ተማርኩ! ካቴናው የሚዞርበትን የኋላውን ጥርስ በትልቅ ቀየርን፤ ሞተሩ ከቆመበት ቶሎ እንዲነሳ ነው፣ ጫፍ ላይ ሲደርስ ግን ይደክማል። የፍሬን ሸራ አዲስ ገባ። የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ ዘይት ወፍራም ሆነ፣ ሲዘል እንዳይሰግድ። እጀታው ዝቅ አለ። ይሄን ሁሉ በጣቱ እየዳሰሰ ነው የሠራው፣ አንድም አልተሳሳተም። ማሻአላህ ማለት አለብኝ።

የሚከብደው ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራተር ነው። ውስጡ ቤንዚን የምታሳልፍ፣ መርፌ የማታስገባ ቀዳዳ ያላት ናስ አለች። መሕቡብ ሦስት አለው፤ ትንሿ፣ መካከለኛዋ፣ ትልቋ። እኛ ደጋ ነን፣ አየራችን ስስ ነው፣ ትንሿ ትበቃናለች። ቆላ ሲወረድ አየሩ ይወፍራል፤ ሞተሩ ከአየሩ ጋር የሚመጣጠን ቤንዚን ካላገኘ ይግላል፣ ይደርቃል፣ ይታነቃል። የሚታወቀው በካንዴላው ነው። ሞተሩ ሠርቶ ሲጠፋ ካንዴላውን ነቅሎ ጫፉን ማየት ነው። ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቷል። ቡናማ ከሆነ ልኩ ነው። ነጭ ከሆነ አንሶታል፣ ናሷ ትቀየር።

«ይሄን አንቺ ነሽ የምታይልኝ» አለኝ።

ታኅሣሥ 20፣ ሐሙስ

ኢዘዲን፦ «እታለም፣ ጋሼ ለምንድነው ዕቃውን እንደ ቂቤ ገዢ በጣታቸው የሚነካኩት?»

እኔ፦ «የድሮ መካኒክ እንዲህ ነው።»

አመነኝ። ከልጅነቱ ጀምሮ ያልኩትን ያምናል።

ጥር 1፣ ሰኞ

ትናንት የመጀመሪያው ልምምድ ነበር፣ እዚሁ ከከተማችን ከአርብ ገበያ ወጣ ብሎ፣ ገብስ የታጨደበት ሜዳ ላይ። አወቀ ሞተራችንን አይቶ፣ «ይሄ ሞተር ነው ወይስ አጥንቱ የቀረ በሬ?» አለ። ኢዘዲን፣ «በሬው ከኋላ ሲወጋህ ታውቀዋለህ» አለው። ዞሩ። ኢዘዲን አወቀን ሦስቴ ቀደመው።

ካንዴላውን አየሁ። ቡናማ ነበር፣ የደረቀ ትምባሆ መልክ። ቡናማ ነው አልኩት። ከልቤ ነበር ያልኩት።

ጥር 12፣ ዓርብ

የጥምቀት ማግስት ስለሆነ ገበያው ስስ ነው።

ማክሰኞ ምሽት መሕቡብ ከመስጊድ ሲመለስ የውኃው ቦይ ውስጥ ወደቀ። ግንባሩ ተላጠ፣ ክርኑ ደማ። ሁለት ልጆች አወጡት። በነጋታው ከተማው ምን አለ? ጠጥቶ ነው አለ። መሕቡብ! በሕይወቱ ጠላ እንኳ ያልቀመሰ ሰው!

ዛሬ ከጁምዓ በኋላ ሼህ አብዱልወሃብ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ቤታችን መጡ። ውኃ አቀረብኩ። ሼሁ በለሆሳስ ጀመሩ፦

«ልጄ መሕቡብ፣ ሰው ይሳሳታል። በሩ አልተዘጋም። ግን በዚህ ዕድሜህ፣ በዚህ ስምህ…»

እኔ በመጋረጃው ጀርባ ነበርኩ። አሁን ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ። ዓይኔን አሞኛል ሼህ ሆይ፣ ለማለት አንድ ትንፋሽ ነው የሚበቃው። መሕቡብ አንገቱን ደፍቶ፣ «አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በሉኝ፣ አይደገምም» አላቸው።

ሽማግሌዎቹ ጭንቅላቱን ሳሙት። ዱዓ አደረጉለት። ወጡ።

ጮህኩበት። «ያልጠጣኸውን!»

«ሰካራም ተብሎ የተዘጋ ጋራዥ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ። «ሰካራም ተመክሮ ይተዋል። ዕውርን ምን ብለው ይመክሩታል?»

ቃሉን ሲናገረው የመጀመሪያ ጊዜው ነው። ከዚያ ወጥቶ ሞተሩ አጠገብ ተቀመጠ።

ጥር 21፣ እሑድ

ዛሬ ሁለተኛው ልምምድ ነበር፣ ራሱ ውድድሩ የሚደረግበት ቆላ። ጠዋት በአይሱዙ ሞተሩን ጭነን ወረድን። ሙቀቱ ሌላ አገር ነው፤ ነጠላዬን ጣልኩ። ሜዳው አሸዋና ጠጠር፣ ዳር ዳሩ ድንጋይ፣ በኖራ መስመር ተሠምሮለታል። የእስቴዎቹም መጥተዋል፤ ሰው በሰው ነው።

መሕቡብ ትናንት ቤት መካከለኛዋን ናስ ገጥሟል። «ካንዴላው ነጭ ከሆነ ትልቋን እንገጥማለን» ብሎ ትልቋን በኪሱ ይዟል። ኢዘዲን ዞሮ መጣ፣ ሞተሩን አጠፋ። መሕቡብ ነቅሎ፣ ላቡን እንደሚጠርግ ፊቱን ከሰው አዙሮ፣ ካንዴላውን በጨርቅ ውስጥ በእጄ አስጨበጠኝ።

«ምን ይመስላል?»

አወቀ እዚያው ክንዴ አጠገብ ቆሟል። ከኋላው የእስቴ ልጆች፣ ዓይናቸው እጃችን ላይ ነው፤ የአምናው አሸናፊ ምን እንደሚያደርግ ሊማሩ። ነጭ ብል ካርቡራተሩ እዚያው ሊፈታ ነው። ያቺ ጥፍር የማታህል ናስ በአሸዋ ላይ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በዳሰሳ። ብትወድቅበትስ? በጉልበቱ ተንበርክኮ አሸዋውን ሊያበጥር?

«ቡናማ ነው» አልኩ። «ደህና ነው።»

ቡናማም እኮ ዓይነቱ ብዙ ነው። ፀሐዩም ኃይለኛ ነበር፣ ያጭበረብራል።

አወቀ፣ «ወይ የጋሼ ልኬት!» አለ። መሕቡብ ፈገግ አለ። ከመስከረም ወዲህ እንዲያ ፈገግ ሲል አላየሁትም።

ዳገቱን ሁለቴ ከመውጣት ብለው ሞተሩን ወገዳ አወቀ ግቢ አስቀምጠውት ተመለሱ። እንግዲህ እስከ ውድድሩ እዚያ ነው።

ጥር 23፣ ማክሰኞ

ለመሕቡብ ልነግረው ነበር። እራት ላይ ስለ ፈይሩዝ ምረቃ እያወራ ነበር። ያን ያህል ሲያወራ ማቋረጥ አልሆነልኝም። ነገ።

ጥር 25፣ ሐሙስ

ለኢዘዲን ደወልኩ። በተዋሰው ሞተር እንግዳ ጭኖ ገጠር ነበር፣ ድምፁ ይቆራረጣል። «ያቺን ናስ በትልቋ ብትቀይራት ምን ይመስልሃል?» ስለው፣ «ጋሼ ደህና ነው ብለዋል እኮ ሚኒስትሯ! ከእሳቸው በላይ አወቅሽ?» ብሎ ሳቀብኝ። ከዚያ በላይ ብናገር ለምን ይለኛል። ለምን ካለኝ ደግሞ መሐላዬ አለ።

ከመሕቡብ የሸሸግሁት የለም። አንድ ቃል ብቻ ነው።

ጥር 27፣ ቅዳሜ

ነገ ነው። ያ ረብ።

ጥር 28፣ እሑድ

ደብረ ታቦር ሆስፒታል፣ ኮሪደር ላይ። በሲስተር ሐረገ ወይን እስክሪብቶ፤ አብራን መጥታለች።

ጠዋት ኢዘዲን ሄልሜቱን ሲያስር አጠገቡ ነበርኩ። አፌን ከፈትኩ። «ቀስ በል» አልኩት። «በቀስ የሚሸነፍ የለም እታለም» አለኝ። ያ ብቻ።

መጀመሪያ እሱ ነበር የመራው። ሰው ይጮሃል። ከዚያ ረጅሙ ቀጥታ ላይ ሞተሩ በአንዴ ዝም አለ። የኋላ ጎማው ቀጥ ብሎ ታሰረ። ተሽከርክሮ ድንጋዩ ላይ ጣለው። መሕቡብ ከሰው ሁሉ ቀድሞ ተነሳ፣ ድምፁ ሲቋረጥ ሰምቶት ነው፤ ግን በተቃራኒው አቅጣጫ ሮጠ።

ታፋውና ጉልበቱ። ደም ብዙ ፈሷል። ቀዶ ክፍል ገብቷል።

ጥር 29፣ ሰኞ

ነፍሱ ተርፏል አልሐምዱሊላህ። ብረት አስገብተውለታል። ጉልበቱ ግን ከእንግዲህ አይታጠፍም አሉ። ሞተር መንዳት ቀርቶ ዳገት መውጣቱም በምርኩዝ ነው።

ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ሞተሩ ነበር እንጀራው።

የካቲት 1፣ ረቡዕ

ጠያቂው ብዙ ነው። አንዱ ድንጋይ ነው የጣለው ይላል። አንዱ ቡዳ ነው ይላል። አንዷ ሴት፣ «ፍጥነት ሲያበዛ ነው፣ ወጣት መች ይሰማል» አለች። እራሴን ነቀነቅሁላት። ለምን እራሴን ነቀነቅሁ?

መሕቡብ ከኢዘዲን አልጋ ጎን አልተነሳም፣ እጁን ይዞ ነው የሚውለው። ኢዘዲንን ምግብ አጎርሰዋለሁ፣ ይተፋል። ሲስተርን አመሰግናታለሁ፤ ቀን አትስጡት ብዬሽ ነበር አላለችኝም።

የካቲት 4፣ ቅዳሜ

አወቀ መጣ። ብርቱካን ይዞ፣ ፊቱ እንደ ጠቆረ። ተቀመጠና፣

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ሞተሩን ፈታሁት» አለ። «ፒስተኑ ቀልጦ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቋል። ካንዴላውም እንደ አጥንት ነጭ ነው። ቤንዚን አንሶታል። እርስዎ እኮ ይሄን እንዴት ሳያዩት ቀሩ?»

ክፍሉ ውስጥ ሌሎች በሽተኞች አሉ፣ አስታማሚ አለ፤ ሁሉም ወደ እኛ ዞረ። እኔ ብርቱካን እየላጥኩ ነበር። ቢላው ቆመ።

መሕቡብ ተነሳ። አልጋውን በእጁ ዳስሶ ወደ ኢዘዲን ፊት ዞረ።

«አላየሁትም» አለ። «ከመስከረም ጀምሮ አላይም፣ ኢዘዲን። ደብቄህ ነው። ሞተርህን በዳሰሳ ነው የሠራሁት። እግርህን የወሰድኩት እኔ ነኝ። ሌላ የሚጠየቅ ሰው የለም።»

ኢዘዲን አላለቀሰም። ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺስ እታለም? ታውቂ ነበር?»

መሕቡብ እዚያው ቆሟል። ካንዴላውን በእጄ ማስጨበጡን ያውቃል፤ የነገርኩትንም ያውቃል። አንዲት ቃል አልተናገረም።

«አላውቅም ነበር» አልኩ።

ኢዘዲን ዓይኑን ጨፈነ። አምኖኝ ይሁን ደክሞት ይሁን እንጃ። አወቀ ኮፍያውን አንስቶ ወጣ። እኔ የላጥኩትን ብርቱካን ማን እንደበላው አላስታውስም።

የካቲት 8፣ ረቡዕ

ወሬው ከእኛ ቀድሞ አርብ ገበያ ገብቷል። ፈይሩዝ ደወለች፤ ሁለት ሰዎች ሞተራቸውን ከጋራዡ ለማውጣት ቁልፍ ፍለጋ ጎረቤት መጥተው እንደነበር ነግረዋታል። ይውሰዱ። ከትምህርቴ ልምጣ ወይ አለችኝ። ተቀመጪ አልኳት፣ ለስንት ጊዜ እንደምትቀመጥ ሳላውቅ።

ሲስተር ሐረገ ወይን መሕቡብን ለዓይን ሐኪሙ አስመዘገበችው። ሐኪሙ በመብራት ብዙ አየው፤ ትሑት ልጅ ነው፣ አባቴ እያለ ነው ያናገረው። ግፊት ነው። የሄደው አይመለስም። የቀኝ ዓይኑ የለም ማለት ይቻላል፤ የግራው ትንሽ ብርሃን አለው፣ ጠዋትና ማታ የሚንጠባጠብ መድኃኒት ተሰጠው። መስከረም ላይ ብትመጡ ኖሮ፣ አለና አቋረጠ። ጨርሰው ብሎ መሕቡብ አልጠየቀውም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

ኢዘዲንን ተሰናብተነው ወጣን፤ ፈረቃ ገብተን የአክስቴ ልጅ ልታድርለት መጥታለች። ሲሰናበተኝ እጁን ሰጠኝ። እታለም አላለኝም።

በሩ ላይ ስንደርስ መሕቡብ ቆመ። መንገዱ በሰው ተሞልቷል፣ የእኛ አገር ሰዎችም አሉበት፤ ከወረዳችን ከታች ጋይንት የመጣው አውቶቡስ ሰው እያወረደ ነበር። ክንዴን ፈልጎ ያዘ። በቀን፣ በሰው ፊት።

«ሰውዳ» አለኝ።

«አቤት።»

«ለኢዘዲን የምትነግሪውን አንቺ ታውቂያለሽ። እኔ አልናገርብሽም። ከዛሬ ጀምሮ ግን ለእኔ ያየሽውን ንገሪኝ። ደስ የሚለኝን አይደለም። ያየሽውን።»

እሺ አልኩት።

«ምን አለ ፊታችን?»

«ደረጃ አለ፣ ቀስ ብለህ ውረድ። ጭቃ አለ በግራ በኩል። አንድ አህያ ቆማለች።»

«ሰውስ? እያዩን ነው?»

«አዎ» አልኩት። «ሁሉም እያዩን ነው።»

ክንዴን ጠበቅ አድርጎ ያዘና ሄድን።